የላይኛው ጥርስ ወደ ፊት ሲወጣ፦ ቤት ውስጥ ምን እንይ፣ መቼ ሐኪም ጋ እንሂድ?

«ተዉት፣ ሲያድግ ይሰበሰብለታል።» ወሎ ውስጥ የላይኛው የፊት ጥርሱ ወጣ ያለ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ይሄን ሰምቷል። ከአያት፣ ከጎረቤት፣ ቡና ሊጠጣ ጎራ ካለ ሰው ሁሉ። አንዳንዴ እውነት ይሆናል፤ የወተት ጥርስ ረግፎ ቋሚው ሲተካ ትንሽ ነገር ራሱ ይስተካከላል። የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ከቀረ ወይም የታችኛው ጥርስ ላንቃ እየወጋ ከሆነ ግን ዕድሜ ብቻውን አያስተካክለውም፣ እንዲያውም ቀላሉ ሕክምና የሚቻልበት ጊዜ ያልፍብናል። ስለዚህ ከመገመት ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንዱ የላይኛው ጥርስ ወደ ፊት መውጣቱ ነው፣ ሰው ገጣጣ የሚለው። ልጁን ግን በዚህ ስም አትጥሩት፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ መሳቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሌላው የላይኛው ጥርስ ወደ ታች ወርዶ የታችኛውን ከልክ በላይ መሸፈኑ ነው። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፣ ጉዳታቸው ግን ይለያያል።

እንዴት ይታያል?

ልጁን ብርሃን ያለበት በር ላይ አስቀምጡት። «ጥርስህን ግጠም» ካላችሁት ብዙ ልጅ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ፣ ያኔ ሁሉም ደህና ይመስላል። ይልቅ «ሆዴ፣ ምራቅህን ዋጥና በመንጋጋ ጥርስህ ንከስ» በሉት። ከዚያ ከንፈሩን ቀስ ብላችሁ ገለጥ አድርጉና ከፊት ለፊት እዩ። የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ሲሶ ያህል ቢሸፍን ደህና ነው። ግማሹን ካለፈ ልብ በሉ። የታችኛው የፊት ጥርስ ጭራሽ ካልታየ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን ከጎን። የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቢቀድም ጤናማ ነው፣ ለመለካት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። 6 ሚሊሜትር ካለፈ ግን ልጁ ሲወድቅ ጥርሱ የመሰበር ዕድሉ በደንብ ይጨምራል።

ቀጥሎ ቀና ብሎ አፉን ይክፈት፣ በስልካችሁ መብራት ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ያለውን ላንቃ እዩ። ቀላ ብሎ ያበጠ ቦታ ወይም የጥርስ ጫፍ ያሳረፈው ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክት ካለ፣ ልጁ በነከሰ ቁጥር የታችኛው ጥርስ ሥጋውን እየወጋው ነው። ስለለመደው «አመመኝ» ላይል ይችላል፣ የእሱን አቤቱታ አትጠብቁ።

የመጨረሻውን ሳያውቅባችሁ እዩት። ቲቪ ሲያይ ከንፈሩ ሳይታገል ይገጥማል ወይስ አገጩን እያጨማደደ ነው የሚዘጋው? ማታስ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል?

ካልታከመስ?

ከሁሉ በፊት የምፈራው መውደቅን ነው። የደሴን ዳገትና የኮብልስቶን መንገድ የሚያውቅ ይገባዋል፤ ልጆች ኳስ ሲሯሯጡ ከወደቁ ቀድሞ መሬት የሚነካው ከንፈር ያልሸፈነው ጥርስ ነው። ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ደቂቃዎቹ ይቆጠራሉ። ጥርሱን ፈልጉ፣ ነጩን ክፍል እንጂ ሥሩን አትያዙ፣ አትፈግፍጉት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹህ ውሃ ለአፍታ አለቅልቁና ወደ ቦታው መልሳችሁ ንጹህ ጨርቅ አስነክሱት። መመለሱ ካስፈራችሁ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጡ፣ ቢቻል በ30 ደቂቃ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሳችሁ አትትከሉ፣ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።

ከልክ በላይ የሸፈነው ዓይነት ደግሞ ጉዳቱ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ላንቃ ይቆስላል፣ የታችኛው ድድ ይሸሻል፣ የታችኛው የፊት ጥርስ ዓመት በዓመት እየተፋቀ ያጥራል። አንዴ የተፋቀ የጥርስ ሽፋን አያድግም፤ አርባ ዓመት ላይ በሙሌት ወይም በክራውን (ጥርሱ ላይ በሚደፋ ሰው ሠራሽ ሽፋን) መተካት ከልጅነት ሕክምና የበለጠ አድካሚና ውድ ነው።

ከንፈር የማይገጥም ከሆነ አፍ ይደርቃል። ምራቅ ደግሞ የጥርስ ጠባቂ ነው፣ ሲደርቅ የፊት ድድ ይቀላል፣ ቡርሽ ሲነካው ይደማል፣ ጥርስም ቶሎ ይበላል። «ስ» እና «ዝ» የሚሉ ድምፆች ሊበላሹ ይችላሉ። እሸት በቆሎ ከፊት መንከስ አቅቶት በጎን ጥርሱ የሚግጥ ልጅ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

የታችኛው መንጋጋው ትንሽና ወደ ኋላ የቀረ ሰው በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያው ሊጠብበት ይችላል። ማንኮራፋት፣ ትንፋሽ ቁርጥ ማለት፣ ቀን ድካም ካለ ለሐኪም ይነገር። ራስ ምታት ሁሉ ግን ከጥርስ አይመጣም። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምም ብዙ ምክንያት አለው፣ ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ) ስላሰራችሁ ብቻ ይጠፋል የሚላችሁን አትመኑ።

ከምን ይመጣል?

ብዙው የዘር ነው፣ የአባትየውን መንጋጋ ማየት ይበቃል። በእጃችን ያለውን ግን እናስተካክል። አራት ዓመት አልፎት ጣት የሚጠባ ልጅ ቀስ በቀስ እንዲተው እርዱት፤ ጣቱ ላይ በርበሬ አትቀቡ፣ ዓይኑን ነክቶ ያቃጥለዋል፣ ቁጣም አይረዳም። ሳይጠባ በዋለ ቀን አመስግኑት፣ የሚወደውን ነገር አድርጉለት። ሁልጊዜ በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫውንና ቶንሲሉን ይየው። «ግግ» ነው ተብሎ የሕፃን ድድ መቆፈር ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር! የሚወጣው ትል ሳይሆን የወተት ክራንቻ ቡቃያ ነው። ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል።

መቼና የት?

ሰባት ዓመት አካባቢ አንዴ ይታይ። አብሽሩ፣ መታየት ማለት ያኔውኑ ብሬስ ማሰር ማለት አይደለም። ጥርሱ በጣም ከወጣ የመሰበር አደጋውን ለመቀነስ ቶሎ ሊጀመር ይችላል፣ ብዙው ልጅ ግን ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው የዕድገት ጊዜ ነው የሚታከመው። መንጋጋ ገና እያደገ ስለሆነ ተወላቂ መሣሪያ ሊረዳው የሚችለው ያኔ ነው። ሴቶች ቀድመው ስለሚያድጉ አትዘግዩባቸው። አዋቂም ድዱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ብሬስ ማድረግ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ዋናው ችግር መንጋጋው ላይ ከሆነና ከባድ ከሆነ ግን ዕድገት ካቆመ በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

መጀመሪያ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ቅርባችሁ ያለ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። የተበላው ይሞላ፣ ድዱ ይታከም፣ ከዚያ ኦርቶዶንቲስት፣ ማለትም የጥርስና የመንጋጋ አቀማመጥ የሚያስተካክል ሐኪም፣ የሚያስፈልገው ከሆነ ይላካል። አዲስ አበባ መሄድ ከመጣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብሬስ ደግሞ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ ቀጠሮው ስንት ነው? ሽቦ ቢበጠስ አቅራቢያችን ማን ያስተካክለዋል? ዋጋው ሪቴይነሩን (ብሬስ ከወለቀ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚይዘውን) ይጨምራል? መንገድ ቢዘጋና ቀጠሮ ቢያልፍስ? መልሱ ግልጽ ካልሆነ አትጀምሩ፤ ብሬስ አድርጎ ያለ ክትትል መቅረት ካለማድረግ ይብሳል።

ብሬስ ካለ ቆሎ፣ ሸንኮራና አጥንት መጋጥ የለም። ቡና ቁርሱ ዳቦ ይሁን።

ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ጥርሳችሁን በላስቲክ አትሰሩ። ላስቲኩ ሾልኮ ድድ ውስጥ ይገባና ሥሩን ይዞ ይወርዳል፣ ጤነኛ ጥርስ ያስነቅላል። ለፋሽን ብቻ የሚለጠፈው ብሬስም አደገኛ ነው።

ብሬሱ ሲወልቅ ሕክምናው አላለቀም። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሪቴይነሩ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ይደረግ፣ ለብዙ ሰው ማታ ማታ ለዓመታት ነው። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ቡርሽ እጠቡት፣ ሙቅ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል። ስትበሉ አውጥታችሁ በሶፍት አትጠቅልሉት፣ ከቆሻሻ ጋር የሚጣለው እንደዚያ ነው፤ በራሱ ሳጥን አስቀምጡት።