የቤት ኪራይ ውል በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፦ አዲስ መጤ ሊያውቀው የሚገባ

አገር ቤት «ሊዝ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የመሬት ይዞታን ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ቃሉ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውልንም ያመለክታል፤ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረመው ለ12 ወራት ነው። አዲስ መጤ ወገኖቻችን በይበልጥ የሚሳሳቱት በዚህ የጊዜ ገደብ ላይ ይመስለኛል። ኪራዩ በየወሩ ስለሚከፈል ውሉም በፈለጉት ወር የሚቋረጥ ይመስላቸዋል፤ ተከራዩ ግን ሲፈርም የዓመቱን ኪራይ በሙሉ ለመክፈል ግዴታ ገብቷል። በ5ኛው ወር ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ቁልፉን አስረክቦ የሄደ ሰው የቀሪዎቹን ወራት ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕግ አከራዩ ቤቱን ባዶ አስቀምጦ ኪራይ መቁጠር አይፈቀድለትም፣ ሌላ ተከራይ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት፤ ያም ሆኖ ቤቱ እስኪከራይ ድረስ ያለው ዕዳ በለቀቀው ተከራይ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ውሉ ቀድሞ ስለመውጣት ምን እንደሚል ይጠይቁ።

ከዚህ የሚብሰው የጋራ ፊርማ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንድ አፓርትመንት በ1,800 ዶላር ተከራይተው እኩል ለመክፈል ቢስማሙ፣ ስምምነቱ የሚሠራው በእነርሱ መካከል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ውል ብዙውን ጊዜ ፈራሚዎቹን በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ስለሚያደርግ፣ አንደኛው ቢጠፋ አከራዩ 1,800ውን በሙሉ ከቀረው መጠየቅ ይችላል። ክሬዲት፣ ማለትም ዕዳን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ፣ ለሌለው ዘመድ ዋስ ሆኖ የሚፈርምም ሰው፣ አንድም ሌሊት በቤቱ ሳያድር፣ ያው ዕዳ ይደርስበታል፤ ይሉኝታ ይዞን «ለስም ያህል ነው» ተብለን የምንፈርመው ፊርማ ስንቱን ዘመድ እንዳቀያየመ በማኅበራችን ያልሰማ የለም።

ሲገቡ የሚያስይዙት ገንዘብ፣ በተለምዶ ዲፖዚት የሚባለው፣ በሕግ የተወሰነ ጣሪያ አለው። በዲሲ ከአንድ ወር ኪራይ፣ በቨርጂኒያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በሜሪላንድም ቀድሞ ሁለት ወር የነበረው ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአብዛኛው ወደ አንድ ወር ዝቅ ብሏል። ገንዘቡ ለብልሽት ከተቆረጠው በስተቀር የሚመለሰው ከለቀቁ በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ ነው። በመደበኛ አኗኗር የደበዘዘ ቀለምና ያረጀ ምንጣፍ እንደ ብልሽት አይቆጠርም። ክርክሩ የሚነሳው ግን ጭረቱ ከእርስዎ በፊት ይኑር አይኑር በሚለው ላይ ስለሆነ፣ ዕቃ ከማስገባትዎ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ያንሱ። በቨርጂኒያ አከራዩ በገቡ በ5 ቀናት ውስጥ የቤቱን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባል፤ እርስዎም የማይስማሙበት ነገር ካለ በደረስዎ በ5 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወሙ እንደተቀበሉት ይቆጠራል።

ማሞቂያው ተበላሽቶ አከራዩ አልጠግን ሲል «እንግዲያው ኪራይ አልከፍልም» ማለት ተፈጥሯዊ ቁጣ ነው፣ ነገር ግን አደገኛ ነው፤ ኪራይ ያቋረጠ ተከራይ ክስ ሊመሠረትበት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ጥገናውን በጽሑፍ መጠየቅና ቅጂውን ማስቀመጥ ነው። ተገቢው ጊዜ ካለፈ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኪራዩን ለፍርድ ቤት እያስገቡ አከራዩ እንዲጠግን ማስገደድ ይቻላል። በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይስጡ።

ኪራይ ቢዘገይም አከራዩ ራሱ ተነስቶ ቁልፍ መቀየር፣ ውኃ ወይም መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት አይችልም፤ በሦስቱም ቦታዎች ተከራይ የሚወጣው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ሲደርስዎ እንግሊዝኛ ስላልገባዎ አይቅሩ፣ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

የውሉ ዓመት ሲያልቅ በዲሲ ኪራዩን የሚከፍል ተከራይ ጊዜው ስላበቃ ብቻ አይባረርም፣ ውሉ ወር በወር ይቀጥላል። ለመልቀቅ ሲወስኑ ግን ብዙ ውሎች የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ስለሚጠይቁ ቀኑን ከውሉ አይተው ይቁጠሩ፤ በማስታወቂያው ላይ አዲሱን አድራሻዎን ካልጻፉ የዲፖዚቱ ቼክ የሚሄደው ወደ ለቀቁት ቤት ነው።