ከከተማ ዳር ያለ ቤትን ለእንግዳ በቀን ለማከራየት

መጀመሪያ ቤትዎ በማን አስተዳደር ሥር እንደሆነ ከይዞታ ካርታው ያረጋግጡ። አያት የአዲስ አበባ ነው፤ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ቡራዩ ግን በኦሮሚያ የሸገር ከተማ ናቸው። ይህን ሳያጣሩ ፈቃድ ለመጠየቅ የሄዱ ሰዎች በከንቱ ይመላለሳሉ።

የመኖሪያ ኪራይ ውል ለዚህ ሥራ አይበቃም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት እንዲህ ያለው ውል በጽሑፍ የሚደረግ፣ ከ2 ዓመት የማያንስና በ30 ቀን ውስጥ የሚመዘገብ ነው፤ ለሦስት ሌሊት እንግዳ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥተው በእንግዳ ማረፊያ ዘርፍ የንግድ ፈቃድ ይጠይቁ። ካርታና መታወቂያ ዋናውንም ኮፒውንም ይያዙ።

ቤቱ የተከራዩት ከሆነ ባለቤቱ ለእንግዳ ማረፊያ መፍቀዱን ውሉ ላይ ያስጽፉ፤ «ለመኖሪያ» ብቻ የሚል ውል ጠብ ያመጣል። ለኮንዶሚኒየም የሕንፃውን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አስቀድመው ያንብቡ።