ከጎንደር ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ለማደር፦ መጀመሪያ ጎርጎራ፣ ከዚያ ሳንቃበር

ለመጀመሪያ ጊዜ «ቅዳሜ ድንኳን ልንተክል ነው» ስላት እናቴ ክው አለች። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። ለመዝናናት ብሎ ሜዳ ላይ ማደር የፈረንጅ ነገር ሆኖ ቀርቷል።

ይሄ ሁሌም ይቆጨኛል። ጣና ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አለ። የሰሜን ተራሮች መነሻ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበትን ቦታ ስንቱ የጎንደር ልጅ በፎቶ ብቻ ያውቀዋል። ደግሞ ድንኳን ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን ይኖሩ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ ንጉሡ የሰፈረበት ቦታ ማለት ነው። ካስማውም አውታሩም የእኛው ነው።

እንግዲህ እንዴት እንደሚጀመር ልንገራችሁ። ምክሬ አንድ ነው፦ በተራራው አትጀምሩ። መጀመሪያ ጣና ዳር ባለችው ጎርጎራ አንድ ሌሊት እደሩ። እዚያ አንድ ነገር ቢጎድላችሁ ሌሊቱ ብርድ አይደለም፣ ቤትም ቅርብ ነው። ተራራው ላይ ግን አንድ ጋቢ መርሳት ሌሊቱን ሙሉ ያስቀጣል።

ጊዜውን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። በክረምት ግን ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ያለው የደምቢያ ዋልካ ጭቃ መኪናም ሰውም ይይዛል፤ ተራራውም በጉም ይሸፈናል። ለጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ስለምትሞላ መኪናም ዕቃም ይወደዳል። ከጥር አጋማሽ በኋላ ብታደርጉት ይሻላል።

ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ጠይቁ። «መንገዱ ሰላም ነው?» ማለት ብቻ ይበቃል። ካመነቱ ጉዞውን ለሌላ ቅዳሜ አስተላልፉት። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ በዚህ ጉዳይ ላይ ፈጽሞ አትደራደሩ።

ዕቃውን አዘጋጁ፣ ግቢ ውስጥ ሞክሩት

ድንኳን ለመግዛት አትቸኩሉ። የሚያከራዩ አስጎብኚዎች አሉ፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ተከራዩ። ተቀብላችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትጫኑት። ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉት። ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሳቡት። ካስማዎቹን ቁጠሩ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልቆጥር ሄጄ ስምንት መሆን የነበረባቸው አምስት ሆነው አገኘኋቸው። ያን ሌሊት ነፋስ በመጣ ቁጥር የድንኳኑን ጥግ በእጄ ይዤ አደርኩ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳውን ልንገራችሁ። ብርድ የሚመጣው ከላይ አይደለም፣ ከመሬት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጋቢ ለብሼ ከበታቼ ምንም ሳላነጥፍ ተኛሁ። ላዬ ሞቆ ጀርባዬ በረዶ ሆነ። ስለዚህ ከሁለት ጋቢ አንዱ ከሥር ይሁን። አነጣጠፉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መሬቱ ላይ ሸራ፣ በላዩ ድንኳኑ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰሌን ወይም ስፖንጅ፣ ከዚያ የታጠፈ ጋቢ፣ ከዚያ እናንተ በስሊፒንግ ባግ ወይም በብርድ ልብስ። ሸራው ከድንኳኑ ወለል እንዳይተርፍ ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፉት። ከተረፈ ዝናቡን ይሰበስብና ከሥራችሁ ያስገባዋል።

ሸራ፣ ገመድ፣ ጄሪካን፣ ባትሪ ቅዳሜ ገበያ ታገኛላችሁ። ፓወር ባንክ፣ ፎጣ፣ ላስቲክና የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ ከቤት ያዙ።

ጎርጎራ፦ የመጀመሪያው ሌሊት

መንገዱ በአዘዞ ወጥቶ ቆላ ድባን አልፎ ጎርጎራ ይወርዳል። ጥር አካባቢ ከሆነ መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ይሸጣል። አንድ ሁለት እስር ግዙ፤ ልጆች መኪና ውስጥ እየፈለፈሉ አይነጫነጩም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ባልበለጠ ድረሱ። ከመሸ በኋላ ድንኳን መትከል ለጀማሪ ፈተና ነው። ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ ብትሰፍሩ እመርጣለሁ። በሰው መሬት ላይ ከሆነ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አንድ ካስማ አትምቱ። አገሩ «የመሸበት እንግዳ» የሚቀበል አገር ነው። ሰላም ብላችሁ ከጠየቃችሁ ቦታ ከማሳየትም አልፈው ውሃ ያመጡላችኋል።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ የምታስቡት ስለ ጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በውሃውና በእሱ መካከል የቆመ ነገር አይወድም፤ አደገኛ የሚሆነውም ያኔ ነው። መውጫው የተረገጠ ሣርና የጠለቀ ዱካ አለው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዓሣ አጥማጆቹን መጠየቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ጠይቄ «ከዚያ ደንገል ወዲህ እንዳታድሩ ልጆቼ፣ መንገዱ ነው» ያሉኝ ቦታ፣ እኛ ለእይታው ብለን የመረጥነው ቦታ ነበር። ወዲያው ዕቃችንን አንስተን ከፍ ያለ ቦታ ሄድን።

ካስማውን ስትመቱ ቀጥ አድርጋችሁ አትምቱት። ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ አናቱ ወደ ውጭ ያዘንብል። ገመዱ ሲሳብ ያኔ ይነክሳል እንጂ አይነቀልም። ዋልካ መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ካስማ አይዝም። እንደዚያ ከሆነ ገመዱን ክንድ በሚያህል እንጨት ወገብ ላይ እሰሩ፣ እንጨቱን አጋድሙት፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ጫኑበት። በሩን ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ አዙሩት።

ውሃው ያጓጓል። ግን ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚመጣው በዳር ዳር፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጆች ዳር ላይ እንዲንቦጫረቁ አትፍቀዱ፤ ይሄን ስል እያዘንኩ ነው፣ ግን ልጅን መጠበቅ ይቀድማል። የገባ ሰው ካለ ወዲያው በፎጣ ሰውነቱን ያድርቅ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። መድኃኒት አለው። የወባ ትንኝም አለ፤ አጎበር ያዙ፣ ከምሽት በፊት የድንኳኑን ዚፕ ዝጉ።

በጀልባ መሄድ ከፈለጋችሁ ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። የደብረ ሲና ማርያምን ቤተ ክርስቲያንም ሳታዩ አትመለሱ፤ የግድግዳው ሥዕል የድሮ ነው።

ስንቅና እሳት

ለአንድ ሌሊት ድግስ አያስፈልግም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ በቂ ናቸው። ድርቆሹን በቋንጣ ወጥ መፈርፈር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጎርጎራ ላይ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ትኩስ ካገኛችሁ ያንን ጥበሱ። ጀበናውን እንዳትረሱ፤ ሐይቅ ዳር የሚፈላ ቡና ሌላ ጣዕም አለው።

አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ብርድ ሲበረታ ከሰል ያለበትን ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። በጭራሽ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል፣ በዚያው ይቀራል። «ዚፑን ትንሽ ከፍቼዋለሁ» ማለት አያድንም። ሙቀት ከፈለጋችሁ ውሃ አፍልታችሁ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ይሞቃል።

ሳንቃበር፦ ተራራው

ጎርጎራን ከሞከራችሁ በኋላ ተራራው፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ማደሪያ፣ ይጠራችኋል። ደባርቅ ስትደርሱ መጀመሪያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መግቢያና የማደሪያ ክፍያ የሚከፈለው እዚያ ነው። ጠመንጃ የያዘ ስካውት አብሯችሁ ይሄዳል፤ ግዴታ ነው። ለእሱም ስንቅ አስቡለት። አካባቢውን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው ነው። ቡና አቅርቡለት፣ ጠይቁት፤ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ይነግራችኋል።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅ 2,850 ገደማ ነው፣ ሳንቃበር 3,250 ገደማ። ስለዚህ ቢቻል አንድ ሌሊት ደባርቅ አድራችሁ ውጡ። ሳንቃበር ስትደርሱ አትሩጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ አረቄውን ለመልስ አቆዩት። ትንሽ ራስ ምታት ያለ ነው። ራስ ምታቱ ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ወይም ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ ግን ንጋትን አትጠብቁ፤ ወደ ታች ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ለዚህ ነው ባቄላና ምስር አልበስል የሚለው። ሽሮ ይዛችሁ ውጡ።

እንጨት ከፓርኩ ውስጥ አትቁረጡ፣ የወደቀም አታንሱ። ከሰል ወይም ቡታ ጋዝ ከደባርቅ ይዛችሁ ግቡ። አስታ የሚባለው የተራራው ዛፍ ለማደግ ብዙ ዘመን ይፈጅበታል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። ከዚያ እርሻውና ግጦሹ ገፍቶት፣ ዋልያውም ተመናምኖ፣ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በስንት ልፋት ነው። አንድ ሸክም እንጨት ትንሽ ይመስላል፤ በየሳምንቱ ከመጣ ግን ትንሽ አይደለም።

ሌሊት ልብስ ለብሳችሁ አትተኙ ማለት አልችልም፤ ግን ቀን ያላባችሁን ልብስ ቀይሩ። እርጥብ ልብስ ሙቀት ይሰርቃል። ደረቅ ካልሲ ለሌሊት ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ። ስልካችሁንና ፓወር ባንኩን ብርድ ልብሱ ውስጥ አብራችሁ አስተኟቸው፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ምግብ ውጭ አታሳድሩ፤ ቁራው ቀድሟችሁ ይነሳል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ድንኳኑ ላይ ውርጭ ታያላችሁ፤ በጣታችሁ ስትነኩት እንደ ስኳር ይረግፋል። ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ ከስካውቱ ጋር ወደ ገደሉ ጠጋ በሉ፣ ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ጠብቁ። ጭላዳዎቹ ሌሊት የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። ፀሐይ ሲያገኛቸው አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል፣ ከዚያ የአንዱ ራስ ብቅ ይላል፣ ከዚያ እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ። ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ሣር መንጨት ይጀምራሉ። በዱር ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ዳቦ አትወርውሩላቸው። ሣር በልተው የሚኖሩ ናቸው፤ ከሰው እጅ ከለመዱ የሰው ድንኳን ይገባሉ።

ስትነሱ የሰፈራችሁበትን ቦታ ዞር ብላችሁ እዩ። ላስቲኩን፣ የሃይላንድ ጠርሙሱን፣ የልጆቹን የብስኩት ወረቀት ሁሉ በማዳበሪያ ሰብስባችሁ ጎንደር ድረስ ይዛችሁ ውረዱ። አመዱ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ በእጃችሁ ዳስሳችሁ መቀዝቀዙን አረጋግጡ።

ቤት ስትደርሱ ቢደክማችሁም ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ውርጩ ቀልጦ እርጥብ ሆኖ ስለታጠፈ፣ ሁለት ቀን ካደረ ይሻግታል። ሲደርቅ አቧራውን አራግፉ፣ ካስማዎቹን ጠርጋችሁ ቁጠሩ፣ የተከራያችሁት ከሆነ ሳይጎድል መልሱ።