ገበሬውን ከፊት ያስቀመጠ የምግብና የጥበብ ዝግጅት ጎንደር ላይ እንዴት ይሰናዳል?

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ገበሬውን ያየዋል። ዋጋ ይከራከረዋል፣ ጤፉን በመዳፉ አገላብጦ ያያል፣ ሸምቶ ይሄዳል። አብሮት አንድ ማዕድ የቆረሰ ግን ብዙ አይደለም። እዚህ የምጽፈው ግማሽ ቀን የሚፈጅ ዝግጅት እንዴት እንደሚሰናዳ ነው። ምግቡ ከዙሪያው ወረዳዎች የመጣ ይሆናል፤ አዝማሪ፣ ሥዕልና ጨረታ ይኖራል፤ ገቢው ደግሞ ለገበሬው ይውላል። 100 ሰው ለሚጋበዝበት ዝግጅት እንደሚሆን አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ወስኑ

«ገበሬውን ለመደገፍ» ብቻ ብሎ ብር መሰብሰብ አይበቃም። ሰው እጁን ኪሱ የሚከተው ብሩ ምን እንደሚገዛ ሲያውቅ ነው። ወደ አንድ ቀበሌ ሂዱና ገበሬዎቹን ራሳቸውን ጠይቁ። እኔ የምመርጠው የእህል ማቆያ ከረጢት ነው። ውስጡ ሁለት ድርብርብ ፕላስቲክ፣ ውጩ የተለመደው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር አየር አይገባውም፤ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፣ መድኃኒት መርጨትም አያስፈልግም። ጤፍን ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ሽምብራን፣ በቆሎንና ማሽላን ግን ይፈጃቸዋል። ገበሬው ጥር ላይ በርካሽ የሚሸጠው አንድም ዕዳ ስላለበት፣ አንድም ነቀዙን ፈርቶ ነው። ክረምት ሲገባ ያንኑ እህል በውድ ይገዛዋል። ከረጢቱ ጥቂት ወር ያስታግሠዋል።

ቀኑን መቁረጥ

ከጥምቀት በኋላ፣ ከነነዌ ጾም በፊት ያለ ቅዳሜ ምረጡ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የነቢያት ጾምም ከኅዳር 15 እስከ ገና አለ። ጥር መጨረሻ ላይ ግን አብዛኛው እህል ከአውድማ ወጥቶ ጎተራ ገብቷል፤ ገበሬውም ትንሽ ይተነፍሳል። ቅዳሜ ለገበያ ከተማ ስለሚገባ ተጨማሪ መንገድ አይሆንበትም። ችግሩ ጥር የሰርግ ወር መሆኑ ነው። ድንኳኑም፣ አዝማሪውም፣ ወጥ ሠሪዋም ቀድመው ይያዛሉ። ከገና በፊት ቀብድ ክፈሉ።

ሰዓቱ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይሁን። ማታ አታድርጉት፤ እንግዶቻችሁ ሳይመሽ ቤታቸው መግባት አለባቸው። ለቀበሌውና ለፖሊስ በደብዳቤ አስቀድማችሁ አሳውቁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከገበሬዎቹ ከራሳቸው ጠይቁ። መንገድ ከተዘጋ ቀኑን አስተላልፉ እንጂ ያለ እነሱ አታድርጉት። የመኪናውን ደርሶ መልስ እናንተ ቻሉ።

ቦታው የትምህርት ቤት ግቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን ከሰፈር እድር በርካሽ ይገኛል። የእድሩን ሰብሳቢ ኮሚቴ ውስጥ ካስገባችሁ ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ኮሚቴው ከ7 ሰው አይብለጥ። ቢያንስ ሁለቱ ገበሬዎች፣ ከሁለቱም አንዷ ሴት ትሁን።

ምግቡ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። አንድ ደንብ አውጡ፦ እህሉ በገበያ ዋጋ ይገዛል። «ለናንተው ነው» ብሎ ገበሬውን እህል አዋጣ ማለት ነውር ነው። የቀኑ የክብር እንግዳ እሱ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ድግስ አያዋጣም።

በጎንደር ዙሪያ ያለው አገር ምግብ አያሳጣም። ከደምቢያ ጤፍና ሽምብራ፣ ከወገራና ከዳባት ገብስ፣ ባቄላና ድንች፣ ከመተማ ሰሊጥ፣ ከጎርጎራ የጣና ዓሣ ይመጣል። ሥጋውን ተዉት ነው የምለው። ጥራጥሬው ላይ ብታተኩሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ሽሮ፣ የባቄላ ክክ አልጫ፣ ምስር፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ድንች በቃሪያ፣ ከጎኑ ድፎ ዳቦ። ይህ ሁሉ ቀርቦ ሥጋ የሚናፍቅ ካለ ዓሣው አለለት።

ለ100 ሰው 200 እንጀራ አስቡ፤ ለመጠባበቂያ 20 ጨምሩበት። ሊጡ ሦስት ቀን ስለሚፈልግ ረቡዕ ይቦካና ቅዳሜ ጠዋት ይጋገራል። ስልጆውን ደግሞ ከሳምንት በፊት ጀምሩት፤ ቸኩለው ያወጡት ስልጆ አይጣፍጥም። ለመጠጥ ከዳባት አካባቢ ኮረፌ የምትጠምቅ ሴት ፈልጉ። ኮረፌ የገብስ ነው፣ አረፋው ከዋንጫው ገንፍሎ ይወጣል፤ የከተማው ልጅ ብዙው ቀምሶት አያውቅም። አልኮል ለማይጠጣ ብርዝና የተልባ ውኃ ይኑር።

ከእያንዳንዱ ድስት ፊት ካርቶን አቁሙ። ካርቶኑ ላይ ምግቡ፣ እህሉ የበቀለበት ቀበሌና ያመረተው ሰው ስም ይጻፍ፤ ስሙን ግን ፈቃዱን ጠይቃችሁ ብቻ። ከጎኑ ጥሬውን እህል በሰፌድ አድርጉ። ልጆች ሽሮው ከምን እንደመጣ በእጃቸው ይንኩት። ሽምብራ የሚዘራው መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት እንደሆነ ገበሬው ራሱ ቆሞ ቢነግራቸው ደስ ይላል።

ሲቀርብ ገበሬዎቹ ይቅደሙ። ባለሥልጣን ቢመጣም ከእነሱ አጠገብ ይቀመጥ። ለብቻ የተከለለ የክብር ወንበር አታዘጋጁ።

ጥበቡ

ለአዝማሪ ጎንደር አገሩ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ ትታወቃለች። አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና አንዲት ዘፋኝ ይበቃሉ። ዋጋቸውን ቀድማችሁ ቁረጡ። ሰው ግንባራቸው ላይ የሚለጥፈው ብር የራሳቸው ነው፤ «ለዕርዳታ ነው» ብላችሁ አትንኩት።

የዝግጅቱ ማር የሚሆነው «ተቀበል» ሲባል ነው። ታዳሚው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል። ሰው እንዳይፈዝ አምስት ስድስት ግጥም ቀድማችሁ ለወጣቶች አስይዙ። ለምሳሌ፦

ዝናብ እየመታው ገበሬው ባረሰ፣
ከተሜ ጎረሰ ጣቱን እየላሰ።

አንዱ ከጀመረ ሌላው አያርፍም። ከዚያ ማይኩን ለገበሬዎቹ ስጡ። በደቦ ሲያጭዱ የሚያዜሙትን፣ በአውድማ በሬ ሲያበራዩ የሚሉትን ያሰሙ። ከመካከላቸው ቀረርቶ የሚያወርድ አይጠፋም። ብቻ ንግግር አይብዛ፤ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይኑራችሁ።

በአንድ በኩል ሞፈር፣ ቀንበር፣ መንሽና ላይዳ ይደርደሩ። በሌላው በኩል ተማሪዎች ከዝግጅቱ ሁለት ሳምንት በፊት የሣሉት ይሰቀል። ልጆቹ አያቶቻቸውን ጠይቀው ቢስሉ ይሻላል፤ አለበለዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት በሬ ይሥላል።

ጨረታው

የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ያየ ሁሉ ወጉን ያውቀዋል። የተማሪዎች ሥዕል፣ የጎንደር የስፌት ሥራ፣ የወለቃ ሸክላ፣ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ አቅርቡ። ስፌቱንና ሸክላውን ከሠሪዎቹ በዋጋው ግዙ፤ በጨረታ ከዚያ በላይ የወጣው ለከረጢቱ ይገባል። ዳቦውን መጨረሻ ላይ አውጡ። ያሸነፈው ሰው ቆርሶ ለሁሉም ሲያድል ሞቅታው ሌላ ነው።

የመግቢያ ትኬት ይኑር፣ ለገበሬና ለቤተሰቡ ግን ነጻ። ብሩ በግለሰብ ሒሳብ አይግባ። ከገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር በጽሑፍ ተስማሙና በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ቴሌብርም ሲሆን እንዲሁ። ጥሬ ብር የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ ደረሰኝ ይቁረጡ። ጠቅላላ ገቢው እንግዳው ሳይበተን በማይክ ይነገር።

ከዚያ በኋላ

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከረጢቱን ገዝታችሁ ቀበሌው ድረስ ውሰዱ። እህሉ በደንብ ደርቆ እንዲገባ፣ የውስጡ ፕላስቲክ እንዳይቀደድ፣ አንዱ ፕላስቲክ ከሌላው ተለይቶ እንዲታሰር አንድ የግብርና ባለሙያ ያሳያቸው። ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አንዱን በማኅበሩ ቢሮ፣ አንዱን በትምህርት ቤቱ በር ለጥፉ። ሰኔ ላይ፣ ዘር ከመዘራቱ በፊት፣ ተመልሳችሁ ሂዱና ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሽምብራ እንዴት እንደከረመ ጠይቁ። የሚቀጥለውን ጥር ዝግጅት ምግብም እዚያው ከእነሱ ጋር ምረጡ፤ የተፈለገው እህል ገና ስላልተዘራ ጊዜ አላቸው።