በብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ውስጥ ያለውን መከፋፈል በቁጥር ማንበቢያ

መጀመሪያ የፓርቲውን የምክር ቤት አባላት ብዛት ይያዙ። በ2024ቱ ምርጫ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) 121 ብቻ ተመረጡ። መሪው ላይ የመተማመኛ ድምፅ የሚጠራው በቂ አባላት ለ1922 ኮሚቴ (የፓርቲው የምክር ቤት አባላት ማኅበር) ሊቀመንበር ደብዳቤ ሲያስገቡ ነው። ቀድሞ 15 በመቶ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ ምርጫ በኋላ ወደ አንድ ሦስተኛ ከፍ ስላለ ከ121 ሰው 41 ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤዎቹ በምስጢር ስለሚያዙ የጋዜጦችን ግምት አይመኑ።

ድምፅ ከተሰጠ ደግሞ «መሪው አሸነፈ» የሚለው ዜና ላይ አይቁሙ። የተቃወሙትን ለጠቅላላው ያካፍሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን በሰኔ 2022 211 ለ148 አሸነፉ፤ ተቃውሞው 41 በመቶ ነበር፤ በቀጣዩ ወር ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ከእሳቸው በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይም በታኅሣሥ 2018 200 ለ117 አሸንፈው ስድስት ወር ሳይሞላ መልቀቂያቸውን ተናገሩ።

የመሪ ምርጫ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ዙሮቹን ሲያነብ ነው። የምክር ቤት አባላት ዕጩዎቹን ሁለት እስኪቀሩ ይቀንሳሉ፤ ከዚያ ተራ አባላት ይመርጣሉ። በጥቅምት 2024 ከዕጩዎቹ አንዱ ጄምስ ክሌቨርሊ በ39 ድምፅ ሲመሩ ውለው በማግስቱ 37 አግኝተው ወደቁ፤ ተቀናቃኞቻቸው ኬሚ ባዴኖክ 42፣ ሮበርት ጄንሪክ 41 ሆኑ። ድምፁ ምስጢር ስለሆነ የአንድ ዕጩ ደጋፊ ለመጨረሻው ፍልሚያ የሚቀለውን ተቀናቃኝ ለማሳለፍ ድምፁን ለሌላ ሊያውስ ይችላል፤ የአንድ ዙር መሪነት ዋስትና አይደለም። ባዴኖክ በአባላቱ ዘንድ 53,806 ለ41,388 ቢያሸንፉም፣ በምክር ቤቱ ከጎናቸው የቆመው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበር።

የጎራዎቹን ልዩነት ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ፓርቲው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ወደ ሪፎርም (ከእሱ ይበልጥ ቀኝ ወደ ሆነው ፓርቲ) የሄደውን መራጭ ነው ወይስ ወደ ሊበራል ዴሞክራቶች (ወደ መሃል ዘመሙ ፓርቲ) የሄደውን?