የባሕር ዳር ቤታችሁን ጣሪያ ከውጭ ሆናችሁ ስታሠሩ

አምና አባይ ማዶ ያለውን የእናቴን ቤት ጣሪያ ያስቀየርኩት በስልክ ነው። ሠሪው በቴሌግራም የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ፎቶ ላከልኝ። ደስ ብሎኝ ቀሪውን ብር በዚያው ቀን ላክሁ። ሐምሌ ሲገባ እማዬ ደወለች። «ልጄ፣ ሳፋ አለቀብኝ እኮ!»

ፎቶው አልዋሸም፤ ከላይ ሲታይ አዲስ ነው። መታየት የነበረበት ከሥር ነው። ስለዚህ ኮርኒሱ ሳይመታ፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ዘመድ ገብቶ በርና መስኮቱን ይዝጋ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ ላይ አዙሮ በቪዲዮ ያሳያችሁ። ብርሃን ከገባ ዝናብም ይገባል። የኛ ቤት በኋላ ኮርኒሱ ተነስቶ ሲታይ ኮከብ የበዛበት ሌሊት ይመስል ነበር። ምስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ ነው። ግማሹ ምስማር ውሃ የሚያግደው ጎማም የለው።

ቆርቆሮውን ዘመድ ይግዛ፤ ከሠሪው ጋር የእጅ ዋጋ ብቻ ተዋዋሉ። ጌጅ የሚባለው የውፍረት መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ብሎ ተዋውሎ 35 የሚመታ አለ፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ከመሬት ሆኖ ማን ይለየዋል? 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ሳይወጣ ይለካ። ባሕር ዛፉም የደረቀ ይሁን። እርጥቡ በኋላ ሲደርቅ ይጣመምና ምስማሩን ያላላዋል። ምስጥ እንዳይበላውም መድኃኒት ይቀባ። ከጣና በኩል ነፋስ የሚያገኘው ቤት ከሆነ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ምስማሩ ጠበቅ ጠበቅ ይበል።

ሥራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይለቅ። ግንቦት ላይ ሁሉም ሰው ጣሪያው ትዝ ስለሚለው ጥሩ አናጢ አይገኝም።

ውል የሚፈርምላችሁ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ወስዳችሁ ስትልኩ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ለጣሪያ ሥራ ብላችሁ ቤት የመሸጥ ሥልጣን እንዳትጨምሩበት ብቻ። ወንድምም ቢሆን።

ክፍያውን ከፋፍሉት። ለሚቀጥለው ሥራ የምትልኩት ያለፈውን በቪዲዮ ካያችሁ በኋላ ነው። የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ ግን አንድ ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ ያዙት፤ ውሉ ላይም ይጻፍ። ሠሪው ያኮርፋል። ያኩርፍ።