የምስል ፎርማት ሲቀየር የሚያጋጥሙ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ጅማ ላይ የምረቃ ሰሞን ሲደርስ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉ የኅትመት ቤቶች ፍላሽና ስልክ በያዘ ሰው ይጨናነቃሉ። አንዱ ለመጽሔት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ለሥራ ማመልከቻ ስካን ያስደረገውን ዲግሪ፣ አንዷ ደግሞ ለቡና መሸጫዋ ባነር የሚሆን ሎጎ። ብዙውን ጊዜ ጣጣው ያለው ማተሚያው ላይ ሳይሆን ፋይሉ ላይ ነው። ከአንዱ ፎርማት ወደ ሌላው ሲቀየር ተበላሽቶ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት በየቀኑ የማያቸው ናቸው።

«ፋይሉ አልከፈት አለ»

ፎቶው ከአይፎን የመጣ ከሆነ ምክንያቱ ሄይክ (HEIC) የሚባለው ፎርማት ነው። አፕል ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ካሜራው በዚህ ፎርማት እንዲያስቀምጥ አድርጓል። ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ደግሞ አያውቁትም። ስልኩ ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ የሚነሱት ፎቶዎች የተለመደው ጄፔግ (ጄፒጂም ይባላል) ይሆናሉ። ቀድሞ የተነሱት ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ለእነሱ የፎቶስ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ኮምፒውተር ማስተላለፊያውን «አውቶማቲክ» ያድርጉና በኬብል ይገልብጡ፤ ሲተላለፉ ተቀይረው ይወርዳሉ።

ሌላው መንስኤ ሪኔም ነው። በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለውን ሄይክ ወይም ዌብፒ (ድረ ገጾች ላይ የሚበዛ ፎርማት) አጥፍቶ ጄፒጂ ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ይህ የጤፍ ጆንያ ላይ «ቡና» ብሎ እንደመጻፍ ነው፤ ውስጡ አልተነካም። አንዳንድ ፕሮግራም ስሙን ትቶ ውስጡን ስለሚያነብ ይከፍተዋል፣ የማመልከቻ ድረ ገጽ ግን ይመልሰዋል። እውነተኛውን ፎርማት ለማወቅ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተው የመጀመሪያውን መስመር ይዩ። ከተመሰቃቀለው ጽሑፍ መካከል ፒ፣ ኤን፣ ጂ (PNG) የሚሉ የላቲን ፊደላት ካገኙ ፒኤንጂ ነው። መጀመሪያው ላይ ሪፍ (RIFF)፣ ጥቂት አለፍ ብሎ ዌብፒ (WEBP) የሚል ካለ ዌብፒ ነው። ጄፊፍ (JFIF) ወይም ኤግዚፍ (Exif) የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጄፔግ ነው። ካዩ በኋላ ምንም ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት፤ ኖትፓድ ላይ ሴቭ ከተደረገ ምስሉ ይበላሻል።

«የሎጎው ጀርባ ጠቆረ»

ፒኤንጂ ግልጽነትን፣ ማለትም ባዶ ጀርባን፣ መያዝ ይችላል፣ ጄፔግ አይችልም። የጀበና ሥዕል ያለበት፣ ጀርባው ባዶ የሆነ ሎጎ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ፕሮግራሙ ባዶውን ቦታ በአንድ ቀለም መሙላት ስላለበት አንዳንዶቹ ጥቁር ያደርጉታል። መፍትሄው ከመቀየሩ በፊት ከሥሩ ነጭ ማንጠፍ ነው። ጊምፕ (ነጻ የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ የባክግራውንድ ቀለሙን ነጭ አድርጎ «ፍላተን ኢሜጅ» ማለት ይበቃል። ሎጎው ባለቀለም ባነር ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ጄፔግ ማድረጉን ይተዉት፤ ፒኤንጂው እንዳለ ይሰጥ።

«ደበዘዘ፣ ፊደሉ ዙሪያውን ቆሸሸ»

የብዙ ሰው ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች) በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ ያሳንሳል። ተከፍቶ እንደገና ሴቭ በተደረገ ቁጥር ተጨማሪ ይጥላል። የተጣለው አይመለስም፤ የደበዘዘውን ጄፔግ ወደ ፒኤንጂ መቀየር ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር አንድም ነገር አያጠራም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ፋይል ተነስተው አንዴ ብቻ ይቀይሩ።

«የመጀመሪያው ይኸው ነው» ተብሎ የሚመጣው አብዛኛው ፎቶ በቴሌግራም የተላከ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክለት መጠኑንም ጥራቱንም ይቀንሳል። ላኪው «ፋይል» የሚለውን መርጦ እንዲልክልዎ ይጠይቁ።

የዲግሪና የትራንስክሪፕት ስካን ከፎቶ የተለየ ነው። ቀጫጭን ፊደልና ክብ ማኅተም በጄፔግ ሲጨመቅ ጠርዙ ላይ ጭጋግ ያበጃል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርገው በፒኤንጂ ወይም በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። አንድ ኤ4 ገጽ በዚህ መጠን 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፤ ከዚህ በጣም ካነሰ የሆነ ቦታ ላይ ተቀንሷል ማለት ነው። 3 በ4 ሴንቲሜትር ጉርድ ፎቶ ደግሞ ወደ 354 በ472 ፒክስል ይበቃዋል። ለባነር የመጣ 500 ፒክስል ሎጎን ግን የትኛውም ፎርማት አያድነውም፤ ሎጎውን የሠራውን ሰው የቬክተር ፋይሉን (ምንም ያህል ቢተልቅ የማይደበዝዘውን) ይጠይቁት።

«ቀለሙ ሞተ»

ጅሬን ላይ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ የተነሳው ለምለም አረንጓዴ ከቅየራ በኋላ ግራጫ ቢጤ ይሆናል። አዳዲስ አይፎኖች ዲስፕሌይ ፒ3 የተባለ ሰፊ የቀለም ክልል ይጠቀማሉ፤ ቀያሪው ፕሮግራም የቀለም ፕሮፋይሉን (የቀለም ቁጥሮቹ በየትኛው ክልል እንደሚነበቡ የሚናገረውን መረጃ) ከጣለው ቁጥሮቹ በተሳሳተ ልክ ይነበባሉ። መጀመሪያ ቀለሙን ወደ ኤስአርጂቢ (sRGB፣ የተለመደው የቀለም ክልል) ይቀይሩ፣ ከዚያ ኤክስፖርት ያድርጉ። ጊምፕ ላይ ይህ በኢሜጅ ሜኑ፣ «ከለር ማኔጅመንት» ውስጥ ይገኛል።

ፎቶው ተጋድሞ ከመጣም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፦ ስልኩ ምስሉን ሳያዞር «አዙራችሁ አሳዩ» የሚል ምልክት ብቻ ጽፎበት ነበር፣ ምልክቱ በቅየራው ጠፋ። አዙረው ሴቭ ያድርጉት።

የፋይሉ መጠን ከበዛና ድረ ገጹ ካልተቀበለው ረጅሙን ጎን ወደ 1600 ፒክስል፣ የጄፔጉን ጥራት ወደ 80 ያውርዱት።

በኢንተርኔት የሚቀይሩ ድረ ገጾችን ለመታወቂያና ለዲግሪ አልመክርም። ሰነዱ ወደማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ፓኬጁም ያልቃል። ኢርፋንቪው የተባለው የምስል ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከፍተው የ«ቢ» (B) ፊደልን ቁልፍ ሲጫኑ ብዙ ፎቶ በአንዴ የሚቀየርበት መስኮት ይመጣል። የሚቀመጡበትን ፎልደር ከመጀመሪያዎቹ የተለየ ያድርጉ፤ መጀመሪያ አንድ ፎቶ ብቻ ቀይረው በሙሉ መጠኑ ይዩትና የቀሩትን ይልቀቁ።